ሥራ ሳይቆም ስሕተትን መፈለግ፤ በከርነል ውስጥ የኩነት ዱካ አያያዝ ታሪክ

በአገራችን ገጠር፣ በጎጃምም ሆነ በሌላው አካባቢ፣ ጥፋት ደርሶ አጥፊው ሳይታወቅ ሲቀር ሁለት ዓይነት የፍለጋ መንገድ ነበረ። አንደኛው አውጫጭ ነው። የአካባቢው ነዋሪ በሙሉ በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ አጥፊው እስኪወጣ ድረስም ማንም ወደ እርሻውም ሆነ ወደ ቤቱ አይመለስም። ሁለተኛው ዱካ መከተል ነው። ከብት የጠፋበት ሰው ጎረቤቱን አስከትሎ በጭቃውና በሣሩ ላይ የቀረውን የኮቴ ምልክት እያየ ይሄዳል። አውጫጭ ብዙ ጊዜ ፍሬ ይሰጥ ነበር፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው፤ አገሩን በሙሉ ሥራ ያስፈታል። ዱካ መከተል ሥራ አያስፈታም፤ ነገር ግን አንድ ነገር ይጠይቃል፤ ይኸውም መሬቱ ምልክት የሚይዝ መሆኑን ነው። በዐለት ላይ ያለፈ ከብት ዱካ የለውም።

የኮምፒዩተር ሥርዓተ ክወና እምብርት በሆነው በከርነል ውስጥ የሚፈጠረውን ስሕተት ለማግኘት መሐንዲሶች ከሰባ ዓመት በላይ ያደረጉት ጥረት ሲመረመር፣ ታሪኩ በአጭሩ ከአውጫጭ ወደ ዱካ የተደረገ ጉዞ ሆኖ ይገኛል። በመጀመሪያ ማሽኑን አስቁሞ መጠየቅ ነበረ፤ ኋላ ግን ማሽኑ ሥራውን እየሠራ ያለፈበትን መንገድ ራሱ እንዲመዘግብ ማድረግ ተቻለ። ይህ ለውጥ በቀላሉ የመጣ አይደለም። የዱካ መያዣው በማሽኑ ላይ ጫና ይፈጥራል በሚል ለዓመታት ክርክር ተካሂዶበታል፤ አንድ ጊዜም የዱካ መያዣው ራሱ ጥፋት አድርሷል። ይህ ጽሑፍ ያንን ጉዞ ለማውሳትና፣ በመጨረሻም ሌሎች የሠሩትን ሥርዓት ተቀብለን ለምናስተዳድር ለእኛ ለኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች ምን ትርጉም እንዳለው ለማመልከት የተዘጋጀ ነው። የውጭውን ታሪክ የሚመለከቱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የአገራችንን ጉዳይ የሚመለከቱት ደግሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

የከርነል ጠባይና የችግሩ ምንጭ

ከርነል ማለት በማሽኑ አካላትና በተጠቃሚው ፕሮግራሞች መካከል ቆሞ ሁሉንም የሚያስተዳድር ፕሮግራም ነው። የማኅደረ ትውስታውን ቦታ ያከፋፍላል፤ የፕሮሰሰሩን ጊዜ ለየፕሮግራሙ በተራ ይሰጣል፤ ከዲስክ፣ ከኔትዎርክና ከቁልፍ ሰሌዳ የሚመጣውን ጥሪ ይቀበላል። ተራ ፕሮግራም ሲሳሳት ከርነሉ ይይዘዋል፤ ከሥራ ያስወጣዋል፤ የወደቀበትንም ሁኔታ ይመዘግባል። ከርነሉ ራሱ ሲሳሳት ግን ከበላዩ የሚይዘው የለም። ስሕተቱን የሚመዘግበው ክፍል፣ መዝገቡ የሚጻፍበት ዲስክ፣ መልእክቱ የሚታይበት ስክሪን፣ ሁሉም በዚያው በታመመው ከርነል እጅ ናቸው። ዳኛው ራሱ ተከሳሽ የሆነበት ችሎት ነው ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ችግር የጊዜ ጉዳይ ነው። በከርነል ውስጥ ብዙ ሥራዎች ጎን ለጎን ስለሚካሄዱ አንዳንዱ ስሕተት የሚፈጠረው ሁለት ሥራዎች በአንዲት ቅጽበት አንድ ቦታ ላይ ሲገናኙ ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ስሕተት ለማየት የሚደረገው ሙከራ ራሱ ቅጽበቷን ያዛባታል። ለምሳሌ አንድ መሐንዲስ ከርነሉ ወደ ተጠረጠረው ቦታ በደረሰ ቁጥር አንድ መሥመር መልእክት እንዲጽፍ ያዝዘዋል እንበል። መልእክቱ በሰከንድ 9,600 ቢት በሚያስተላልፍ የቆየ መሥመር የሚወጣ ከሆነ፣ 80 ፊደላት ያሉትን አንድ መልእክት ለመጻፍ ከሰከንድ አንድ ሺኛ እጅ 83 ያህሉ ይፈጃል። በዚህ ጊዜ ውስጥ በሰከንድ አንድ ቢሊዮን ጊዜ የሚመታ ፕሮሰሰር 83 ሚሊዮን ምት ያልፈዋል። ሊገናኙ የነበሩት ሁለት ሥራዎች ይተላለፋሉ፤ ስሕተቱም ይጠፋል። መሐንዲሱ መልእክቱን ሲያነሣው ስሕተቱ ተመልሶ ይመጣል። ሲያዩት የሚጠፋ፣ ዓይን ሲነቀልለት የሚመለስ ስሕተት በሙያው ዘንድ እጅግ የሚያስመርር ሆኖ የኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ የዱካ አያያዝ ጥበብ ሁለት ጥያቄዎችን በአንድነት መመለስ ነበረበት። አንደኛው፣ ከርነሉ ያደረገውን ሁሉ እንዴት እናውቃለን? የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ የምናየውን ነገር ማየታችን ሳይለውጠው እንዴት እናያለን? የሚል ነው።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት

ኤድሳክ የተባለው ኮምፒዩተር በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሥራውን የጀመረው በግንቦት ወር 1949 ነበር። የሥራው መሪ ሞሪስ ዊልክስ ኋላ በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው እንደገለጹት፣ ከዚያ በኋላ ከሚኖሩት ዕድሜ ትልቁን ክፍል የራሳቸውን ፕሮግራም ስሕተት በመፈለግ እንደሚያሳልፉት የተረዱት በዚያው ዘመን ነው። ከባልደረቦቻቸው አንዱ የነበሩት ስታንሊ ጊል በ1951 ባሳተሙት ጥናት ሁለት ዘዴዎችን አቅርበዋል። የመጀመሪያው ፕሮግራሙ ከቆመ በኋላ የማኅደረ ትውስታውን ይዞታ ማተም ነው፤ ይህም እንደ አስከሬን ምርመራ ያለ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሌላ ተቆጣጣሪ ፕሮግራም የመጀመሪያውን ፕሮግራም ትእዛዞች አንድ በአንድ እያስፈጸመ ምን እንደተፈጸመ እንዲያትም ማድረግ ነው። በዚህ ሁለተኛ ዘዴ ፕሮግራሙ እጅግ ይዘገይ ነበር። ሆኖም ማሽኑ የተጓዘበትን መንገድ ራሱ እንዲናገር የማድረግ ሐሳብ ከዚያ ጀምሮ አልጠፋም።

ሥርዓተ ክወና የሚባለው ነገር ከተስፋፋ በኋላ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ መልክ ያዘ። በ1965 የተጀመረውና የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም፣ የጄኔራል ኤሌክትሪክና የቤል ላቦራቶሪዎች የጋራ ሥራ የነበረው መልቲክስ፣ የመለኪያ መሣሪያዎች ከውጭ የሚለጠፉ ሳይሆኑ ከጅምሩ በሥርዓቱ ውስጥ እንዲገነቡ አደረገ። ጄሮም ሳልትዘርና ጆን ጊንቴል በ1970 ይህንኑ የሚያስረዳ ጥናት አሳትመዋል። በንግዱ ዓለምም አይ.ቢ.ኤም. በ1970ዎቹ ለትልልቅ ማሽኖቹ የከርነሉን ኩነቶች በተርታ የሚመዘግብ አጠቃላይ የዱካ አገልግሎት አቅርቦ ነበር። እነዚህን ማሽኖች የሚገዙት ባንኮች፣ አየር መንገዶችና መንግሥታት ስለነበሩ የአንድ ሰዓት መቆም ምን ያህል እንደሚያስከፍላቸው አስቀድመው ያውቁ ነበር።

በ1969 በቤል ላቦራቶሪዎች የተጀመረው ዩኒክስ ግን ቀላልነትን መረጠ። በ1975 በወጣው ስድስተኛ እትሙ አንድ ፕሮግራም የሌላውን ፕሮግራም ሥራ እያስቆመ የሚመረምርበትን መንገድ አበጅቷል። ይህ ለተራ ፕሮግራሞች ትልቅ ጥቅም ሰጠ፤ ከርነሉን ግን አይነካም። ከርነሉ ሲወድቅ የሚቀረው የማኅደረ ትውስታው ቅጂ፣ ማለትም አስከሬኑ ብቻ ነበር።

የማርስ ጉዳይ

የዱካን ጥቅም ለዓለም በግልጽ ያሳየው ኩነት የተፈጸመው ከምድር ውጭ ነው። ማርስ ፓዝፋይንደር የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር በሐምሌ 4 ቀን 1997 በማርስ ላይ አረፈች። ከጥቂት ቀናት በኋላ በውስጧ ያለው ኮምፒዩተር ያለ ማስጠንቀቂያ ራሱን እያጠፋ እንደገና መነሣት ጀመረ፤ በዚህም ምክንያት የዕለቱ ሥራ ይስተጓጎል ነበር። ወደዚያ መሐንዲስ መላክ አይቻልም፤ ምልክት እንኳ ከምድር እስከ ማርስ ለመድረስ ከ10 ደቂቃ በላይ ይፈጅበት ነበር።

ኮምፒዩተሩ ይሠራበት የነበረው ቪኤክስወርክስ የተባለው ሥርዓተ ክወና የሥራ መፈራረቅን፣ የቁልፍ አያያዝንና የአቋራጭ ጥሪዎችን ዱካ የሚመዘግብ መሣሪያ ነበረው። በካሊፎርኒያ በሚገኘው የጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ ያሉት መሐንዲሶች በመንኮራኩሯ አምሳያ ላይ ይህንን መሣሪያ ከፍተው ለብዙ ሰዓታት ሞከሩ፤ ስሕተቱም በመጨረሻ ተገለጠ። ነገሩ እንዲህ ነው። ዝቅተኛ ቅድሚያ ያለው የአየር ጠባይ መረጃ ሰብሳቢ ሥራ አንድ የጋራ ቁልፍ ይይዛል። ከፍተኛ ቅድሚያ ያለው የመረጃ ማከፋፈያ ሥራ ያንኑ ቁልፍ ፈልጎ ይጠብቃል። በዚህ መካከል መካከለኛ ቅድሚያ ያላቸው ሥራዎች ይነሡና ዝቅተኛውን ያስቆሙታል። ዝቅተኛው ካልሠራ ቁልፉን አይለቅም፤ ቁልፉ ካልተለቀቀ ከፍተኛው አይንቀሳቀስም። ተቆጣጣሪው ክፍልም አስፈላጊው ሥራ በጊዜው እንዳልተፈጸመ ሲያይ ኮምፒዩተሩን በሙሉ እንደገና ያስነሣዋል። መፍትሔው ቁልፉን የያዘው ዝቅተኛ ሥራ ለጊዜው የጠባቂውን ቅድሚያ እንዲወርስ ማድረግ ነበር። ማስተካከያው ከምድር ተልኮ ችግሩ ተወገደ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገሮች ሊተኮርባቸው ይገባል። አንደኛ፣ ስሕተቱ መንኮራኩሯ ከመላኳ በፊት በሙከራ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ታይቶ ነበር፤ ተደግሞ ሊገኝ ስላልቻለ ግን ምክንያቱ ሳይታወቅ ቀረ። ሁለተኛ፣ መሐንዲሶቹ የሞከሩትን ነገር ሳይለውጡ መላክን መመሪያቸው አድርገው ስለነበር የምርመራ መሣሪያዎቹን ከሥርዓቱ አላወጧቸውም። ሸክም ይቀንሳል ተብሎ ቢወጡ ኖሮ በምድርና በማርስ ያሉት ሁለቱ ሥርዓቶች አንድ ባልሆኑም ነበር።

የሊነክስ ክርክር

ሊኑስ ቶርቫልድስ በሄልሲንኪ ተማሪ ሳሉ በ1991 የጀመሩት የሊነክስ ከርነል ከዓመት ወደ ዓመት እየተስፋፋ ሲሄድ የስሕተት ነቀሳው ዋና ዘዴ መልእክት መጻፍ ብቻ ነበር። ቶርቫልድስ ከርነሉን ደረጃ በደረጃ እያስቆመ የሚመረምር መሣሪያ እንዲገባ አይፈልጉም ነበር፤ ይህንንም አቋማቸውን በ2000 በይፋ አስረድተዋል። እንደ እርሳቸው አመለካከት እንዲህ ያለው መሣሪያ ሰዎችን ኮዱን ከመረዳት ይልቅ የስሕተቱን ምልክት ብቻ ወደ ማከም ያዘነብላቸዋል። ይህ ክርክር ሊናቅ የሚገባው አይደለም፤ መሣሪያ አስተሳሰብን አይተካምና። ሆኖም ኮዱን በሚገባ የሚያውቅ ሰው እንኳ በአንድ ሺህ ማሽኖች ላይ በወር አንድ ጊዜ የሚፈጠረውን ነገር በማሰብ ብቻ ሊደርስበት አይችልም። እንዲህ ያለው አስቁሞ መርማሪ መሣሪያ ወደ ዋናው ከርነል የገባው በ2008 ነው።

በዚያን ጊዜ ሌላ መንገድ የያዙ ሰዎችም ነበሩ። ካሪም ያግሙር በካናዳ በሞንትሪያል ፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት ተማሪ ሳሉ በ1999 የሊነክስ የዱካ መሣሪያ አወጡ። አሠራሩ ከርነሉን አያስቆምም። በተመረጡ ቦታዎች የዱካ ነጥቦች ይተከላሉ፤ ከርነሉ በነጥቡ ላይ ሲያልፍ ሰዓቱንና የኩነቱን ዓይነት ብቻ በአጭሩ በማኅደረ ትውስታ ውስጥ ባለ ቋት ላይ ይጥላል፤ ወደ ሰው ንባብ የሚለወጠው ኋላ ነው። ቀደም ብሎ የተጠቀሰው የአንድ መሥመር መልእክት 83 ሚሊዮን ምት ሲፈጅ፣ እንዲህ ያለው አጭር ምዝገባ ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የማይገባ ዋጋ ብቻ ይጠይቃል። ይሁን እንጂ ሥራው ወደ ዋናው ከርነል እንዲገባ የቀረበው ጥያቄ ለዓመታት ተቀባይነት ሳያገኝ ቆየ። የከርነሉ ጠባቂዎች ነጥቦቹ ኮዱን እንዳያጨናንቁትና ማንም ሳይጠቀምባቸው እንኳ ፍጥነት እንዳይቀንሱ ሠግተው ነበር።

በዚያው ትምህርት ቤት በፕሮፌሰር ሚሼል ዳጌኔ ዘንድ ይማሩ የነበሩት ማትዩ ዴኖየ በ2005 አዲሱን ትውልድ የዱካ መሣሪያ አወጡ። እርሳቸው የሠሩት የዱካ ነጥብ ዝግ ሲሆን በከርነሉ ላይ የሚያደርሰው ጫና የማይታወቅ ያህል ነበር። ይኸው የዱካ ነጥብ በ2008 ዓመት መጨረሻ በወጣው በ2.6.28 የከርነል እትም ውስጥ ተቀባይነት አገኘ። ከመጀመሪያው ሐሳብ እስከዚህ ድረስ ወደ አሥር ዓመት ገደማ አልፏል።

ያልተጠበቀው ዱካ

የሊነክሱ ክርክር በሚካሄድበት ጊዜ ሰን ማይክሮሲስተምስ የተባለው ኩባንያ ለራሱ ሥርዓተ ክወና ለሶላሪስ ሌላ መፍትሔ አዘጋጀ። ብራያን ካንትሪል፣ ማይክል ሻፒሮና አዳም ለቨንታል የሠሩት ዲትሬስ በ2004 በጥናት መልክ ቀርቦ በጥር 2005 ከሶላሪስ 10 ጋር ወጣ። ዋናው አዲስ ነገር፣ የምርመራ ነጥቦቹ ማንም በማይጠቀምባቸው ጊዜ ጨርሶ በኮዱ ውስጥ አለመኖራቸው ነው። ጠያቂው አንድን ነጥብ ሲከፍት በሥራ ላይ ያለው የከርነል ኮድ በዚያች ቦታ ላይ ይለወጣል፤ ሲዘጋውም ወደ ቀድሞው ይመለሳል። በሥራ ላይ ያለ ማሽን ሳይቆም፣ እንደገናም ሳይነሣ፣ በብዙ አሥር ሺህ በሚቆጠሩ ቦታዎች ላይ ጥያቄ ሊቀርብለት ቻለ።

ፈጣሪዎቹ ራሳቸው ያቀረቡት አንድ ምሳሌ ብዙ ያስተምራል። ብዙ ሠራተኞች በጋራ የሚገለገሉበት አንድ ሰርቨር ያለ በቂ ምክንያት ይደክም ነበር። ፕሮሰሰሮቹ እርስ በርሳቸው ሳያስፈልግ ሲጠራሩ ታየ። ዱካው ሲከተሉት ወደ ማኅደረ ትውስታ አጠያየቅ፣ ከዚያም ወደ ስክሪን አስተዳዳሪው ፕሮግራም አመራ። ከስክሪን አስተዳዳሪው ደግሞ ሥራውን ወደሚያበዛበት ደንበኛ ሲሻገሩ፣ በጥቂት ሠራተኞች ስክሪን ላይ የአክሲዮን ዋጋ የሚያሳይ አንድ ትንሽ ጌጥ መሳይ ፕሮግራም ተገኘ። ማንም ሊጠረጥረው የሚችል አልነበረም። ሁሉም ባለሙያ የየራሱን ክፍል ብቻ ቢመረምር ኖሮ እያንዳንዱ ክፍል ንጹሕ ሆኖ ይታይ ነበር፤ ጥፋቱ የተገኘው ዱካው ከከርነሉ እስከ ተጠቃሚው ድረስ ሳይቋረጥ በመሄዱ ነው።

ጠባቂው ሲያጠፋ

በሊነክስ በኩል ስቲቨን ሮስቴት የደረሱት ኤፍትሬስ በጥቅምት 2008 ከ2.6.27 የከርነል እትም ጋር ወጣ። ይህ መሣሪያ ከርነሉ ወደ ማሽን ቋንቋ ሲለወጥ በየተግባሩ መግቢያ ላይ የሚጨመረውን አጭር ጥሪ ይጠቀማል። ጥሪዎቹ ተፈልገው ምንም በማያደርግ ባዶ ትእዛዝ ይተካሉ፤ ዱካ ሲፈለግ ብቻ ወደ ጥሪነት ይመለሳሉ።

ይሁን እንጂ ይኸው እትም ገና በሙከራ ላይ ሳለ በመስከረም 2008 አስደንጋጭ ወሬ መጣ። ኢንቴል የሠራቸው አንዳንድ የኔትዎርክ ካርዶች በውስጣቸው የተጻፈው ቋሚ መረጃ እየተበላሸ ከጥቅም ውጭ ይሆኑ ጀመር። ጥርጣሬው መጀመሪያ የወደቀው በካርዱ ነጂ ፕሮግራም ላይ፣ ቀጥሎም በስክሪን አስተዳዳሪው ላይ ነበር። ብዙ ፍለጋ ከተደረገ በኋላ አጥፊው ኤፍትሬስ ሆኖ ተገኘ። መሣሪያው የተግባሮችን አድራሻ መዝግቦ ጥቂት ቆይቶ ሊለውጣቸው ይመለስ ነበር። በዚያ መካከል አንዳንዱ ኮድ ሥራውን ጨርሶ ቦታውን ይለቃል፤ ቦታውም ለኔትዎርክ ካርዱ መረጃ ይሰጣል። መሣሪያው ከመለወጡ በፊት አነጻጽሮ መጻፍ የሚባለውን ትእዛዝ ስለሚጠቀም፣ ያገኘው ነገር የጠበቀው ካልሆነ አይለውጠውም ተብሎ ታምኖ ነበር። ነገር ግን ይህ የፕሮሰሰር ትእዛዝ ንጽጽሩ ባይሳካም እንኳ የነበረውን ዋጋ መልሶ ይጽፋል። ለተራ ማኅደረ ትውስታ ይህ ምንም አይደለም፤ ለካርዱ ግን ጥፋት ነበር።

ወዲያው በ2.6.27.1 እትም ይህ የመሣሪያው ክፍል እንዲዘጋ ተደረገ። በሚቀጥለው እትም አሠራሩ ተለውጦ አድራሻዎቹ አስቀድመው በግንባታው ጊዜ እንዲመዘገቡ፣ ለውጡም ኮዱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት እንዲፈጸም ሆነ። የስሕተቱ ምክንያት ከነዝርዝሩ ለሁሉም ይፋ በመሆኑ መሣሪያው አልተጣለም፤ ይልቁንም ከቀድሞው ይበልጥ የታመነ ሆነ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው የአባቶች አባባል እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል።

የቀጣዩ ዘመን ሥራ ከዚህ ሥጋት ጋር የተያያዘ ነው። ስቲቭ ማካንና ቫን ጃኮብሰን በሎውረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪ የኔትዎርክ መልእክቶችን ለማጣራት የሠሩትና በ1993 በጥናት ያቀረቡት ቢፒኤፍ የተባለ ትንሽ የትእዛዝ ቋንቋ ነበረ። አሌክሲ ስታሮቮይቶቭ በ2014 ይህንን አስፍተው ተጠቃሚው የራሱን አነስተኛ የምርመራ ፕሮግራም በከርነሉ ውስጥ እንዲያስኬድ አስቻሉ። በ2015 ደግሞ ከከርነሉ የምርመራ ነጥቦች ጋር ተገናኘ። ፕሮግራሙ ከመግባቱ በፊት አንድ አጣሪ እያንዳንዱን መንገዱን ይመረምራል፤ ማለቂያ የሌለው ዙር ያለበትን ወይም ያልተፈቀደለትን ቦታ የሚነካውን ከበር ይመልሰዋል። በከርነል ውስጥ ቆሞ የሚመለከት ፕሮግራም ያለ እንዲህ ያለ አጣሪ ምን ሊያደርስ እንደሚችል በሐምሌ 19 ቀን 2024 ዓለም አይቷል። የክራውድስትራይክ የጥበቃ ፕሮግራም በዊንዶውስ ከርነል ውስጥ ሲሠራ በተላከለት የተሳሳተ ማሻሻያ ምክንያት፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን ያህል ኮምፒዩተሮች ወደቁ፤ በብዙ አገሮች አውሮፕላኖችና ሆስፒታሎች ተስተጓጎሉ።

ጉዳዩ በአገራችን

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ታሪክ ሊመስል ይችላል፤ አይደለም። በምዕራብ ጎጃም በወምበርማ ወረዳ በሽንዲ ገበያ በርበሬ የሚነግድ አንድ ሰው አንድሮይድ ስልክ ቢይዝ፣ በእጁ ያለው ስልክ የሊነክስን ከርነል ተሸክሟል። ከላይ የተነገረለት ኤፍትሬስ የአንድሮይድ ሠሪዎች የስልኩን መዘግየት የሚመረምሩበት መሣሪያ መሠረት ነው። ነጋዴው ለቡሬ ደንበኛው ገንዘብ ሲልክ ብሩ ከሒሳቡ ተቀንሶ ለተቀባዩ ሳይደርስ ቢቀር፣ ጥያቄው ከስልኩ ወደ ኔትዎርክ ማማው፣ ከማማው ወደ ሰርቨሩ፣ ከሰርቨሩ ወደ መዝገቡ ይሄዳል። በእነዚህ ሁሉ ቦታዎች ከርነል አለ፤ በእያንዳንዱም ዱካ ሊያዝ ይችላል። ዱካው ያልተያዘ እንደሆነ ግን የስልኩ ሰው ማማውን፣ የማማው ሰው ሰርቨሩን፣ የሰርቨሩ ሰው ስልኩን ይከሳል። ነጋዴው የሚያገኘው መልስ «ሲስተም የለም» የሚለው ብቻ ይሆናል።

የመዝገብን ኃይል በመራራ መንገድ ተምረናል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 አውሮፕላን ከስድስት ደቂቃ በኋላ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች ሞቱ። በማግስቱ የተገኙት ሁለቱ የበረራ መቅረጫዎች በፈረንሳይ አገር ተነበቡ። መጋቢት 26 ቀን 2011 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያ ደረጃ ሪፖርት እንዳመለከተው፣ የግራው የአፍንጫ አቅጣጫ መለኪያ 74.5 ዲግሪ ሲያሳይ የቀኙ 15.3 ዲግሪ ያሳይ ነበር፤ አውሮፕላኑም አብራሪዎቹ ሳያዝዙት አፍንጫውን በተደጋጋሚ ወደ ታች ደፍቷል። መቅረጫዎቹ ባይኖሩ ኖሮ ለራሳቸው መናገር የማይችሉት አብራሪዎች ጥፋተኛ ተብለው ሊቀሩ ይችሉ ነበር። የበረራ መቅረጫ ከርነል አይደለም፤ መሠረተ ሐሳቡ ግን አንድ ነው። መሣሪያው አደጋ ሲመጣ የሚከፈት ሳይሆን ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ የሚቀርጽ ነው።

በመጋቢት 6 ለ7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት ደግሞ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት በገጠመው ችግር ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ለማውጣት ችለው ነበር። ባንኩ ነገሩ የውጭ ጥቃት እንዳልሆነ አስታወቀ፤ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ መውሰዱን፣ ከዚያም ብዙው መመለሱን ገለጸ። ማን ምን ያህል እንደወሰደ ሊታወቅ የቻለው እያንዳንዱ ዝውውር በመዝገብ ላይ በመኖሩ ነው። ሆኖም የሒሳብ መዝገብ የሚመልሰው «ማን ወሰደ?» የሚለውን ነው። «ሥርዓቱ ለምን ፈቀደ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚገኘው ከዚያ በታች ካለው የሥርዓቱ የራሱ ዱካ ነው። ሁለቱ መዝገቦች የተለያዩ መሆናቸውን መሐንዲሱ ሊዘነጋው አይገባም።

ከዚህ ሁሉ ለሙያ ባልደረቦች የሚከተለው ይገኛል። አንደኛ፣ በብዙ ሰርቨሮች ላይ የሚገኘው ሊነክስ እነዚህን መሣሪያዎች ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይዞ ይመጣል። የጎደለው መሣሪያው ሳይሆን ችግር ከመድረሱ በፊት ከፍቶ ጤነኛው ሥርዓት ምን እንደሚመስል የማወቅ ልማድ ነው። የጤነኛውን ዱካ የማያውቅ ሰው የታመመውን አይለይም። ሁለተኛ፣ ከውጭ ለሚገዛ ሥርዓት የጨረታ ሰነድ ሲዘጋጅ ስለ ፍጥነትና ስለ ዋጋ ብቻ ሳይሆን፣ የሥርዓቱ ዱካ የት እንደሚቀመጥ፣ ለስንት ጊዜ እንደሚቆይና የእኛ መሐንዲሶች ያለ ሻጩ ፈቃድ ሊያነቡት ይችሉ እንደሆነ መጠየቅ አለበት። ዱካው በሻጩ እጅ ብቻ ከሆነ ሻጩ የራሱ ጉዳይ ዳኛ ይሆናል።

ሦስተኛው ነጥብ ጥንቃቄ የሚያሻው ነው። ዱካ የሚይዝ መሬት የሌባውን ብቻ ሳይሆን የንጹሑንም እግር ይይዛል። ከርነል የተከፈተውን ፋይል፣ የተላከውን መልእክት፣ የተጠራውን አድራሻ ሁሉ ያያል፤ ስለዚህ ስሕተት ለመንቀስ የተተከለ ነጥብ ሰውን ለመሰለል ሊውል ይችላል። ዱካውን ማን ከፈተው፣ መቼ፣ ለምን ምክንያት የሚለው ራሱ እንዲመዘገብ ማድረግ የመሐንዲሱ ግዴታ ነው። ጊል በ1951 ማሽኑን እንዲናገር ሲያደርጉ በአጠገቡ የነበሩት ጥቂት ተመራማሪዎች ብቻ ነበሩ። ዛሬ ማሽኑ የሚናገረው በሚሊዮን ስለሚቆጠሩ ሰዎች ስለሆነ፣ የሚሰማው ሰው ስም በዚያው መዝገብ ውስጥ መጻፍ ይገባዋል።